«አንተ» የተባለው ገጸ ባሕርይ፦ በፖከር ውድድር ማስተማሪያ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

የአማርኛ ሂስ እስካሁን በአመዛኙ ያተኮረው በልቦለድ፣ በግጥምና በተውኔት ላይ ነው። ሙያ የሚያስተምሩ፣ «ይህን አድርግ፣ ያን ተው» የሚሉ መጻሕፍት በየመደብሩ መደርደሪያ ከልቦለዱ እኩል ቦታ ይዘው እያየናቸው የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ እንዳልሆኑ ቈጥረን አልፈናቸዋል። ይህ በእኔ አስተያየት ትክክል አይደለም። አስተማሪ መጽሐፍም ተራኪ አለው፤ የሚያነጋግረው አንባቢ አለው፤ ጊዜን የሚያስኬድበት የራሱ መንገድ አለው። ከዚህም በላይ አንድ ልቦለድ ቢከሽፍ አንባቢው የሚያጣው ጥቂት ሰዓት ነው። አስተማሪ መጽሐፍ ሲከሽፍ ግን አንባቢው ያነበበውን ይዞ ወጥቶ ይሠራበታልና ኪሣራው ከመጽሐፉ ውጭ ይከተለዋል።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኳቸው በአሜሪካ ስለ ገደብ የለሽ የፖከር ውድድር የተጻፉ ጥቂት መጻሕፍት ናቸው። ምርጫው ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም፤ ቁማርንም ለማወደስ አልተነሣሁም። የመረጥኳቸው «ማንበብ» የሚለው ቃል በእነዚህ መጻሕፍት ዘንድ የየዕለት ሥራ ስም ስለ ሆነ ነው። ተጫዋቹ ከፊሉ የተሸፈነ ጽሑፍ ይቀርብለታል፤ የተሸፈነውን ከተገለጠው ተነሥቶ ይተረጕማል፤ በትርጓሜውም ላይ ገንዘቡን ያስቀምጣል። እኛ በክፍል ውስጥ ስለ ትርጓሜ ስንከራከር እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፍል ሰው በመካከላችን የለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል፤ እነዚህን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያይም። ከዚያ በጠረጴዛው መካከል ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ካርታዎቹ ከመገለጣቸው በፊትና ከእያንዳንዱ መገለጥ በኋላ ተጫዋቾቹ በተራ ይወራረዳሉ። ሌላው ያስቀመጠውን ያህል ማስቀመጥ፣ ከዚያ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ካርታን ጥሎ መውጣት ይቻላል። «ገደብ የለሽ» ማለት ተራው የደረሰው ተጫዋች ከፈለገ ፊቱ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስገባት ይችላል ማለት ነው። በውድድር ጊዜ ደግሞ ተጫዋቹ የመግቢያ ገንዘብ ይከፍልና ቺፕ የሚባሉ ክብ ምልክቶች ይቀበላል። ቺፑ በውድድሩ መካከል ወደ ገንዘብ አይመነዘርም። ቺፑ ያለቀበት ይወጣል፤ ሽልማት የሚያገኙት እስከ መጨረሻው ግድም የቈዩት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ጨዋታው እንዳይጐተት በየዙሩ ሁለት ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ ውርርድ ያስቀምጣሉ፤ ይህም ግዴታ በተወሰነ ሰዓት እየጨመረ ይሄዳል። ስለ ትረካ ጊዜ የምናገረው ሁሉ በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ የቆመ ስለ ሆነ አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ሕግን ማስረዳትና ስልትን ማስተማር የተለያዩ የአጻጻፍ ዓይነቶች ናቸው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ገበጣና ስለ መሰሎቹ ያሳተመው ጥናት ጨዋታው እንዴት እንደሚኬድ ይመዘግባል፤ እንዴት እንደሚሸነፍበት ግን የእርሱ ጉዳይ አልነበረም። ገበጣን አሳምረው የሚጫወቱ ሰዎች ስልቱን ያገኙት ከአዋቂ ጎን ተቀምጠው በማየት ነው። ፖከርም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር። የሚያውቅ ሰው ያወቀውን የሚጽፍበት ምክንያት አልነበረውም፤ ያስተማረው ሰው ነገ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ገንዘቡን ሊወስድበት ይችላልና።

ይህን ልማድ በሰፊው የሰበረው የቴክሳሱ ዶይል ብሩንሰን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የታተመው «ሱፐር ሲስተም» ብዙ ተባባሪዎች የተሳተፉበት ትልቅ መጽሐፍ ሲሆን፣ ስለ ገደብ የለሽ ሆልደም የሚናገረውን ክፍል ብሩንሰን ራሱ ጽፎታል። ብሩንሰን በላስ ቬጋስ ቢኒየንስ ሆርስሹ በተባለው ቤት በ1970 የተጀመረውን የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ጨዋታ በ1976 እና በ1977 በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ነው። ድምፁ የባለ ወግ ድምፅ ነው። የሚያስተምረው ጠረጴዛውን በኃይል መግፋትን፣ ሌላው እንዲፈራ ማድረግን፣ ትንንሹን ድስት ሁሉ እየሰበሰቡ በዚያው ገንዘብ ትልቁን አደጋ መግዛትን ነው። አጻጻፉ ሕያው ነው፤ አንባቢው ሰውየውን ከፊቱ ተቀምጦ የሚሰማው ይመስለዋል።

ሆኖም ይህ ድምፅ የሚያገለግለው ለገንዘብ ጨዋታ እንጂ ለውድድር አይደለም። ምክንያቱም ቅርጹ ላይ ነው። በገንዘብ ጨዋታ እያንዳንዱ ዙር ራሱን የቻለ ነው፤ የተሸነፈ ሰው ኪሱ ገብቶ ይጨምራል፣ የሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ እንደ ወግ ነው፤ አንዱ ወግ ያልቃል፣ ሌላው ይጀመራል፣ በመካከላቸው የግድ የሚያያይዝ ነገር የለም። ውድድር ግን እንደ ልቦለድ ነው። መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፤ ከመካከሉ ቢወጡ መመለስ የለም፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሆነው በመጨረሻው ምዕራፍ ይከተላል። የቺፑ ዋጋም ከዚህ የተነሣ ይለወጣል። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው አሥር ዶላር አዋጥተው ሽልማቱ 50፣ 30 እና 20 ሆኖ ለሦስት ቢከፋፈል፣ በመጨረሻ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ቺፕ ሁሉ የሰበሰበው ሰው የሚወስደው የገንዘቡን ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ በውድድር ያገኙት ቺፕ ካጡት ቺፕ ያንሳል። ዴቪድ ስክላንስኪ በ2002 ስለ ውድድር ፖከር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነጥብ በሚገባ አስረድቷል። የብሩንሰን ጀግና ግን ሁልጊዜ ኪሱ የሚገባ ሰው ስለ ሆነ ይህን ሒሳብ ከእርሱ መማር አይቻልም።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ዳን ሃሪንግተን ከቢል ሮበርቲ ጋር በ2004፣ በ2005 እና በ2006 ያሳተሟቸው ሦስት ቅጾች «ሃሪንግተን ስለ ሆልደም» በሚል ርእስ ይታወቃሉ። ሃሪንግተን የ1995ቱ የዓለም ውድድር ዋና ጨዋታ አሸናፊ ነው። በ2003 ከ839 ተወዳዳሪዎች ሦስተኛ፣ በ2004 ደግሞ ከ2,576 አራተኛ ወጥቷል። ሮበርቲ ሁለት ጊዜ የባክጋሞን የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ጸሐፊ ነው። በሽፋኑ ላይ ሁለት ስም፣ በውስጡ ግን አንድ «እኔ» አለ። ስለዚህ ጥምር ደራሲነት ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን «እኔ» ሳይሆን «አንተ» ነው።

መጽሐፉ እንዲህ ይሄዳል። አንድ ምዕራፍ መርሑን ያስረዳል፤ በመጨረሻው ላይ ተከታታይ መልመጃዎች ይቀርባሉ። እያንዳንዱ መልመጃ ትንሽ ትረካ ነው። ውድድሩ ምን ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ፣ ስንት ሰዎች እንደ ተቀመጡ፣ እያንዳንዱ ስንት ቺፕ እንዳለው፣ የግዴታው ውርርድ ስንት እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ የባሕርይ መግለጫ ይመጣል፤ ተጫዋች ሀ ቈጣቢ ነው፣ ተጫዋች መ ካለፈው ሰዓት ጀምሮ በየዙሩ ውርርዱን ከፍ ሲያደርግ ቈይቷል። ቀጥሎ «አንተ» ሁለት ካርታ ይደርስሃል። ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ተራው አንተ ጋ ይደርሳል። እዚህ ላይ ትረካው ይቆማልና «ምን ታደርጋለህ?» ይባላል። መልሱ ከነምክንያቱ ይከተላል፤ አንዳንዴም ታሪኩ ቀጥሎ ሌላ ካርታ ይገለጥና ጥያቄው እንደገና ይነሣል።

ገጸ ባሕርያቱ ስም የላቸውም፤ ፊደል ብቻ ናቸው። መልካቸው፣ አገራቸው፣ አለባበሳቸው አይነገርም። ይሁን እንጂ በሁለት መስመር ውስጥ የተሟላ ሰው ይሆናሉ፤ ምክንያቱም ስለ እነርሱ የሚነገረው ሁሉ ያደረጉት ነገር ነው። ተራኪው «ተጫዋች መ ደፋር ነው» ብሎ ማቆም ይችል ነበር፤ «ካለፉት ስምንት ዙሮች በአምስቱ ውርርዱን ከፍ አድርጓል» ሲል ግን ድፍረቱን አንባቢው ራሱ ይደመድመዋል። እኛ ለድርሰት ተማሪዎች ዘወትር «አትንገሩን፣ አሳዩን» የምንለው ምክር እዚህ ምንም የድርሰት ሐሳብ በሌለበት ቦታ ተፈጽሞ ይገኛል።

«አንተ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ሳነብብ አንድ ነገር ይታየኛል። የእንግሊዝኛው ቃል ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ አይለይም። በአማርኛ ግን አንዱን መምረጥ የግድ ነው፤ አንተ፣ አንቺ፣ ወይም እርስዎ። «እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» ብንል መምህርና ደቀ መዝሙር የነበረው ግንኙነት የባንክ ሠራተኛና የደንበኛ ይሆናል። «አንተ» ስንል ትክክለኛው ቅርበት ይመጣል፤ ግን ሴቷ አንባቢ ከደጅ ትቀራለች። ይህ የትርጕም ችግር ብቻ አይመስለኝም። የእንግሊዝኛው «አንተ» ማንም ሊገባበት የሚችል ባዶ ልብስ ነው፤ የመጽሐፉ ኃይልም በዚህ ባዶነት ላይ የቆመ ነው። ልብሱ ባዶ የመሆኑ ሌላ ገጽታ ወደ ኋላ የምመለስበት ነው።

የትረካ አንጻሩ ጥቅም የሚታየው ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ2003 የተደረገው ውድድር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ የተደፉትን ካርታዎች በሚያሳይ ካሜራ አማካይነት ተመልካቹ የሁሉንም ካርታ ያይ ነበር። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ሲቀሩ ክሪስ መኒሜከር ምንም ሳይሠራለት ያለውን ሁሉ አስገባ፤ ሳም ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ እያለ ካርታውን ጣለ። መኒሜከር በኋላ ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ወደዚያ የደረሰውም በኢንተርኔት በተደረገ አነስተኛ የማጣሪያ ውድድር አልፎ ነው። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ፋርሃን ሊታዘበው ይችላል። ነገር ግን ተመልካቹ ቦታው የሁሉን አወቅ ተራኪ ቦታ ነው፤ ከዚያ ቦታ ማንም ብልህ ይመስላል። ፋርሃ የነበረው በአንደኛ መደብ ተራኪ ቦታ ነው፤ የሚያየው የራሱን ሁለት ካርታና የሰውየውን ፊት ነው።

ስክላንስኪ በ1987 በታወቀው «የፖከር ንድፈ ሐሳብ» በተሰኘው መጽሐፉ ያስቀመጠው መሠረታዊ ሕግ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። በአጭሩ ሐሳቡ፣ የባላጋራህን ካርታ ብታይ ኖሮ ከምትጫወተው በተለየ በተጫወትክ ቍጥር ባላጋራህ ይጠቀማል የሚል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መለኪያው ግን ማንም በማይቀመጥበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉን አወቅ አንባቢ ነው። የሃሪንግተን መልመጃ ግን አንባቢውን ከዚያ ወንበር አውርዶ ከጠረጴዛው ጋ ያስቀምጠዋል። ተጫዋች መ ምን እንደያዘ አይነግረውም፤ በመልሱም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ሊይዛቸው የሚችሉትን ካርታዎች መደርደር፣ ከአደራረጉ አንጻር የማይመስሉትን ማስወጣት፣ በቀሩት ላይ ሒሳብ መሥራት ነው። እነዚህን ቅጾች ያነበብኩት መልሱን በወረቀት እየሸፈንኩ ነው። ከዚያም ወዲህ አጭር ልቦለድ ሳስተምር ከመጨረሻው ገጽ በፊት አቁሜ «እስካሁን በጽሑፉ ላይ ምን ታያለህ? የሚቀረውስ ምን ምን ሊሆን ይችላል?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ሁሉ ነገር ወደዚያ ያመለክት እንደ ነበር የማይናገር ተማሪ የለምና።

መጨረሻ ስል ወደ ዋነኛው የትምህርቱ ችግር እደርሳለሁ። ፖከርን ማስተማር የሚከብደው ውጤቱ ስለ ውሳኔው ስለማይመሰክር ነው። ጥንድ አስ የያዘ ሰው ጥንድ ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ከካርታው መገለጥ በፊት ሁሉን አስገብተው ቢገናኙ፣ ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ባለ አሱ ይሸነፋል። በዚያ ዙር የተሸነፈው ሰው ምንም አላጠፋም። በተቃራኒው ብሩንሰን በ1976ም በ1977ም ዋናውን ጨዋታ ያሸነፈበት የመጨረሻው ካርታ አሥርና ሁለት ነበር፤ እስከ ዛሬም ያ ጥንድ በስሙ ይጠራል። አሥርና ሁለት ግን ማንም አስተማሪ ለተማሪው የማይመክረው ደካማ ካርታ ነው። ይህ እንግዲህ ለትረካ ፈተና ነው። ታሪክ በባሕርዩ መጨረሻውን ፍርድ ያደርጋል፤ ያሸነፈው ጀግና ትክክል ነበር፣ የወደቀው ስሕተት ነበረበት እንላለን። አስተማሪው ግን ተማሪው ከመጨረሻው ዐይኑን እንዲያነሣ ይፈልጋል።

ሃሪንግተን ይህን ፈተና የሚያልፈው ፍርዱን ከታሪኩ ፍጻሜ በፊት በመስጠት ነው። ጥያቄው ይመጣል፤ መልሱና ምክንያቱ ይሰጣል፤ ቀጥሎ የሆነው ነገር ከተነገረ በጥቂት ቃላት፣ ስሜት በሌለው ድምፅ ይነገራል። ትክክለኛውን ያደረገው «አንተ» አንዳንዴ ይሸነፋል፤ ተራኪውም አያጽናናውም። ይህ ድርቅና ለአንዳንድ አንባቢ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ የአጻጻፍ ብልኀት ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አልተሳካለትም። ሃሪንግተን ራሱ ከታወቁ ውድድሮች እያመጣ ሲተነትን፣ የአሸናፊዎቹ ስም ፍርዱን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ማን እንዳሸነፈ የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ማየቱ አይቀርም። ፊደል ብቻ የሆኑት ባላጋራዎች ከባለ ስሞቹ የተሻለ የሚያስተምሩት ለዚህ ይመስለኛል።

የሁለተኛው ቅጽ ዋና ሐሳብ ጊዜ ነው። ሃሪንግተን ከፖል ማግሪል የወሰደውን «ኤም» የሚባል ቍጥር ያስተዋውቃል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፊትህ ያለውን ቺፕ በአንድ ዙር ካርታ ሳታይ በግዴታ ለምታወጣው ጠቅላላ ታካፍላለህ። የራሴን ምሳሌ ልስጥ። የግዴታው ውርርድ 100 እና 200 ቢሆን፣ አሥር ተጫዋቾችም በየእጁ 25 ተጨማሪ ቢያስቀምጡ የአንድ ዙር ወጪ 550 ይሆናል። 5,500 ቺፕ ያለው ሰው ኤሙ 10 ነው፤ ምንም ሳይጫወት ቢቀመጥ ዐሥር ዙር ይቆያል ማለት ነው። ግዴታው በእጥፍ ሲያድግ ግን ይህ ሰው አንዲት ቺፕ ሳያጣ ኤሙ 5 ይሆናል። ሃሪንግተን ኤምን በቀለም ይከፍለዋል። ከ20 በላይ አረንጓዴ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ቢጫ፤ ከ6 እስከ 10 ብርቱካናማ፤ ከዚያ በታች ቀይ፤ ከ1 በታች ያለው የሞተ ነው።

ይህ በውጫዊ መልኩ ሒሳብ ነው፤ በውስጡ ግን የገጸ ባሕርይ ለውጥ ትምህርት አለበት። በአረንጓዴው ክልል «አንተ» ታጋሽ ነው፤ ለማየት፣ ለማሰብ፣ ትንሽ ከፍሎ ቀጣዩን ካርታ ለመጠበቅ አቅም አለው። ወደ ቢጫ ሲወርድ አንዳንድ አጨዋወት ይዘጋበታል። በቀዩ ክልል የቀረው ንግግር አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሁሉን ማስገባት ወይም መጣል። ጠባዩ የተለወጠው ስለ ፈራ ወይም ስለ ደፈረ አይደለም፤ ሰዓቱ ቋንቋውን ስለ ቀማው ነው። በልቦለድ ውስጥ ጊዜ ሰውን እንዴት እንደሚያጠብበው የሚያሳዩ ብዙ ገጾች አንብቤአለሁ፤ ነገሩን እንዲህ በቍጥር አስልቶ ያስቀመጠ ግን አላጋጠመኝም። ድኻ ሰው ለምን አደገኛ ውሳኔ ይወስዳል ለሚለው ጥያቄም እዚህ ውስጥ አንድ መልስ አለ። ሃሪንግተን ግን ይህን አላለም፤ እኔም ከመጽሐፉ በላይ አላናግረውም።

ገጸ ባሕርይ ሌላም ሥራ አለው። ሃሪንግተን በጓደኞቹ ዘንድ «አክሽን ዳን» ይባላል፤ ስሙ ፌዝ ነው፣ ሰውየው እጅግ ቈጣቢ ተጫዋች ነውና። በ2004ቱ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ አንዱ ውርርዱን ከፍ አደረገ፣ ሌላው ተከተለ፤ ሃሪንግተን ስድስትና ሁለት ይዞ በእነርሱ ላይ ከባድ ጭማሪ አደረገ፤ ሁሉም ጣሉ። ከሁለቱ የመጀመሪያው ከኋላው የተከተለውን ይፈራል፤ ተከታዩ ደግሞ ጠንካራ ካርታ ቢኖረው ኖሮ ራሱ ከፍ ያደርግ ነበር። ሦስተኛው ሰው በመካከላቸው ያለውን ጥርጣሬ ይጨምቃል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ለሰዓታት የተጻፈ ቈጣቢ ገጸ ባሕርይ ከኋላ ሲኖር ብቻ ነው። ያለ ዕድሜው የታመነ ሰው በአንድ ቀን የሚዋሸው ውሸት ነው ልንል እንችላለን።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው «ሰምና ወርቅ ነው» ይላሉ። አልስማማም። በቅኔ ወርቁ የተሸፈነው እንዲገኝ ነው፤ ባለቅኔው የሚደሰተው ሰሚው ፈትቶ ሲደርስበት ነው፤ ያልተፈታ ቅኔ በመንገድ የቀረ ነው። በፖከር ማስመሰል ግን የተሸፈነው እንዳይገኝ ነው፤ ሰሚው ሰሙን ይዞ ቢሄድ ባለቤቱ ይጠቀማል። ቅርጻቸው ቢመሳሰልም ከሰሚው ጋር የገቡት ውል ተቃራኒ ነው። ይልቁንስ ወደ ቅኔ የሚቀርበው ሃሪንግተን ይህንኑ ስድስትና ሁለት በመጽሐፍ ሲፈታው ነው። ያን ጊዜ መምህር ይሆናል፤ ወርቁን ያወጣል፤ በዚያውም ጥቅሙን ያጣል። ካነበቡት ሰዎች ጋር ሲቀመጥ ከፍ ያደረገው ጭማሪ እንደ ቀድሞው አይታመንም። አስተማሪ መጽሐፍ ባስተማረ መጠን ራሱን የሚያስረጅበት ምሳሌ ከዚህ የጠራ አላውቅም።

አሁን ወደ ባዶው ልብስ ልመለስ። የሃሪንግተን «አንተ» በእያንዳንዱ መልመጃ መጀመሪያ አዲስ ቺፕ አለው። ባለፈው ገጽ ሁሉን አስገብቶ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ገጽ እንደገና ተቀምጧል። ዕዳ የለውም፤ ቤት የምትጠብቀው ሚስት፣ ወይም የምትጠብቅ ከሆነ የሚጠብቃት ባል የለም፤ የመግቢያውን ገንዘብ ከየት እንዳመጣ አይነገርም። በ2003 ዋና ጨዋታ መግቢያው 10,000 ዶላር ነበር፤ ከ839ኙ ሽልማት የደረሳቸው 63 ብቻ ናቸው። የቀሩት 776 ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም መካከል በትክክል የተጫወቱ ብዙዎች እንዳሉበት የሃሪንግተን የራሱ ሒሳብ ያስገድደናል። እንግዲህ ሦስት ቅጽ ስለ ውሳኔ የሚያስተምር ድርሰት የመጀመሪያውን ውሳኔ፣ ማለትም ከጠረጴዛው መቀመጥን፣ ከመጽሐፉ ውጭ ትቶታል። የዚህ ዝምታ ምክንያት አጻጻፉ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም የሚገባበት ልብስ የማንም ሕይወት ሊኖረው አይችልም። ብሩንሰን በዚህ በኩል ይበልጠዋል። የእርሱ «እኔ» ለቅርጫት ኳስ ያሰበው እግሩ የተሰበረበት፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ያጠራቀመውን ገንዘብ በላስ ቬጋስ ሙልጭ አድርጎ ያጣ ሰው ነው። የስልት ትምህርቱ ለውድድር ባይጠቅምም ካርታ መጫወት ሰውን ምን እንደሚያስከፍለው ከእርሱ ሕይወት ይታያል። በዚህ ሙያ ሁለቱን አጣምሮ የጻፈ ሰው እስካሁን አላነበብኩም፤ ቢጻፍ ግን ትልቅ መጽሐፍ ይሆን ነበር።

እነዚህ ቅጾች አርጅተዋል የሚሉ አሉ፤ በቍጥሩ በኩል እውነት አላቸው። በ2017 ሊብራተስ የተባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት ሰው በሚጫወተው ገደብ የለሽ ሆልደም አራት ባለሙያዎችን በ120,000 ዙር አሸነፈ፤ በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ የተባለው ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ባለሙያዎችን በለጠ። ዛሬ ስልት የሚማሩ ወጣቶች ለእያንዳንዱ ሁኔታ መልሱን በመቶኛ የሚያሰላ ፕሮግራም ከፍተው ያጠናሉ። ሃሪንግተን የሚጥላቸውን ብዙ ካርታዎች እነዚህ ፕሮግራሞች ይጫወታሉ፤ እርሱም ራሱ በ2014 ስለ ዘመናዊ የውድድር ፖከር ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። ነገር ግን ሰንጠረዡ «በዚህ ካርታ 62 በመቶ ጊዜ ከፍ አድርግ» ሲል ለምን እንደ ሆነ አይናገርም፤ ተጫዋች መ የሚባል ሰውም በዚያ የለም። ሰንጠረዥ ይሸመደዳል፤ የሃሪንግተን መልመጃ ይነበባል። አንዱ ሌላውን ይተካል ብሎ ማሰብ የግጥም ቤት መምቻ መዝገብ ግጥምን ይተካል እንደ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ትንሽ ቦታ ሳላነሣ አላልፍም። ሃሪንግተን አንባቢው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አጨዋወት ቢጫወት እንደሚነበብበት ስለሚያውቅ፣ በአንድ ዓይነት ካርታ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን፣ ጥቂት ጊዜ ሌላውን እንዲያደርግ ይመክራል። መቼ የትኛውን? የእጅ ሰዓትህን የሰኮንድ ቆጣሪ ተመልከት ይላል። ቆጣሪው የት ላይ እንዳለ አይተህ ወስን። ሰው ራሱ ዕጣ ሊያወጣ ሲሞክር ሳያውቀው ሥርዐት ይከተላልና ውሳኔውን ለሰዓት አስረክብ ማለቱ ነው። የኋላ ዘመን ፕሮግራሞች ከሚሉት አንዱ ክፍል በዚህች ምክር ውስጥ ነበረ። እንደ ሐያሲ የሚገርመኝ ግን አንድ ትክክለኛ መልስ ባላቸው መልመጃዎች የተሞላ መጽሐፍ በመካከሉ «ትክክለኛው መልስ ሁለት ነው፤ ሰዓትህን እይ» ብሎ ቅርጹን ራሱ መክፈቱ ነው።

ሦስተኛው ቅጽ ይህን ክፍተት ወደ አሠራር ይለውጠዋል። ሃምሳ መልመጃዎች ብቻ ያሉበት የሥራ መጽሐፍ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ነጥብ ይሰጣል፤ ከአንድ በላይ ምላሽ ነጥብ የሚያገኝበት ቦታም አለ። ከፍ ማድረግ ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ መከተል ከፊሉን ሊያገኝ ይችላል፤ መጣል ዜሮ። ይህ የፈተና አራሚ አሠራር ነው፤ እኛ በየመንፈቀ ዓመቱ በትርጓሜ ጥያቄ ላይ የምንቸገርበት ነው። ሦስቱን ቅጾች ለክፍል ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን ለትረካው፣ ሁለተኛውን ለጊዜው እይዛለሁ፤ በድርሰት እርማት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ስከራከር ግን በእጄ የምይዘው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ከፊል ነጥብ ያገኘው መልስ ለምን ከፊል እንዳገኘ በጽሑፍ ያስረዳልና።